ታምሊን መቼ ከፋ?

የሳራ ጄ. ማስን «ኤ ኮርት ኦፍ ቶርንስ ኤንድ ሮዝስ» ያነበቡ ጓደኞቼ ሲገናኙ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ታምሊን ወይስ ሪሳንድ? ሁለተኛውን መጽሐፍ የጨረስኩ ዕለት እኔም ሳላመነታ ሪሳንድን መርጬ ነበር። ዳግመኛ ሳነበው ግን ለታምሊን ጠበቃ መቆም አማረኝ።

ታሪኩን ለማታውቁት፦ በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመው በመጀመሪያው መጽሐፍ ፌይራ ቤተሰቧን በአደን የምታኖር የ19 ዓመት ልጅ ናት። ተኩላ ገደለች፤ በዚያ ዕዳ ታምሊን የተባለው የአስማተኞች ጌታ ወደ አገሩ ወሰዳት፤ ተዋደዱ። እርሱን ከክፉዋ ከአማራንታ ለማዳን ወደ ተራራው ሆድ ወርዳ ሞተች፤ ሰባቱ ጌቶች ከኃይላቸው አካፍለው አስነሧት። ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ፍቅር በ2016ቱ ሁለተኛ መጽሐፍ ይፈርሳል።

በአፈራረሱ ደራሲዋን አደንቃታለሁ። ፌይራ ሌሊት ከቅዠት ባንና ታስመልሳለች። ታምሊንም ይቃዣል። አንዱ የሌላውን ሥቃይ ያውቃል፤ ግን አይነጋገሩበትም። እርሱ ዳግመኛ እንዳያጣት ፈርቶ ይጠብቃታል፤ ጥበቃው እየጠነከረ ሄዶ አንድ ቀን ቤቱን በአስማት ዘጋባት። እዚህ ላይ ያየሁት ጨካኝ ሳይሆን የፈራ ሰው ነው። መዝጋቱ ግን በደል ነው፤ ትታው መውጣቷም ልክ ነው። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር።

ደራሲዋ ግን አላመነችንም። ሪሳንድ በመጀመሪያው መጽሐፍ የቆሰለ ክንዷን ጠምዝዞ ውል አስገብቷታል፤ የሚያደነዝዝ ወይን እያጠጣ በሰው ፊት አስጨፍሯታል። በሁለተኛው መጽሐፍ 54ኛ ምዕራፍ ላይ ግን ቁጭ ብሎ በረጅሙ ያብራራል፤ ለካ ሁሉም ለእርሷ ሲል ኖሯል! ታምሊን እንዲህ ያለ ምዕራፍ አልተሰጠውም፤ መጨረሻ ላይ ከጠላት ጋር ተሰልፎ እናገኘዋለን። በዚያ ላይ ሪሳንድ ዕጣ ያጣመራት ጓደኛዋ እንደሆነ ይገለጣል። እርሱ አስቀድሞ እያወቀ ደብቋት ነበር። ስትቆጣ ደስ አለኝ፤ ቁጣዋ ግን ቶሎ በረደ። (የመኝታ ቤት ገጾቹን በተመለከተ፦ መጽሐፉን ለታናሽ እህቴ አልሰጥም።)

ነገሩ በመጽሐፍ ብቻ የሚቀር ቢሆን ዝም ባልኩ። በመካከላችን መተጫጨት ሲፈርስ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ምን አድርጓት ነው?» ይሆናል። ሙሉ ጥፋተኛ ካላገኘን አናርፍም። የበደለንን ሰው ጭራቅ ሳያደርጉ መለየት እንደሚቻል የሚያሳይ ልብ ወለድ እምብዛም አላጋጠመኝም፤ ማስ ግን እጇ ላይ ነበረላት።

የዘነጋችውም አይመስለኝም። በ2017ቱ ሦስተኛ መጽሐፍ መጨረሻ ሪሳንድ ሲሞት፣ ታምሊን መጥቶ ከኃይሉ ያካፍላል፤ ለፌይራም ደስታን ይመኝላታል። አጭር ትዕይንት ናት። ከሦስቱ መጽሐፎች ደጋግሜ የማነባት እርሷን ነው።