ከኋላ ረድፍ የመራው ሰው፦ ስኑኪ ያንግና የመሪ ትራምፔት ሙያ

የጃዝ ሙዚቃ ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው ብቻቸውን ወጥተው በሚጫወቱ ሰዎች ስም ነው። ትራምፔት ሲነሣ ሉዊ አርምስትሮንግ፣ ዲዚ ጊሌስፒና ማይልስ ዴቪስ ይጠራሉ። መጠራታቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከአሥራ አምስት የማያንሱ ሰዎች ባንድነት የሚጫወቱበት ትልቅ የጃዝ ባንድ በእነርሱ ዓይነት ሰዎች ብቻ አልቆመም። ከሳክስፎኖቹና ከትሮምቦኖቹ ጀርባ፣ በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ መላውን ባንድ በትንፋሹ የሚመራ አንድ ሰው አለ። ይህ ሰው መሪ ትራምፔት ይባላል። በዚህ ወንበር ከተቀመጡት መካከል ከፍተኛ ስፍራ የሚሰጠው ዩጂን ኤድዋርድ ያንግ ነው፤ ሙዚቀኞች የሚያውቁት ስኑኪ ያንግ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአንድን ሙዚቀኛ የሕይወት ታሪክ መዘርዘር ብቻ አይደለም። ያንግ በሙያ ጓደኞቹ ዘንድ እጅግ የተከበረ ሆኖ ሳለ በአድማጩ ዘንድ ስሙ ያልገነነው ለምን እንደሆነ መመርመርና ሥራውን በተገቢው ሚዛን መመዘን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

መሪ ትራምፔት ማለት ምን ማለት ነው?

በትልቅ ባንድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አራት ትራምፔቶች ይኖራሉ። አቀናባሪው ለአራቱም የተለያየ ድምፅ ይጽፍላቸዋል። ከሁሉ ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጫወተው መሪው ነው። ከፍ ያለ ድምፅ ከሌሎቹ በላይ ጎልቶ ስለሚሰማ፣ የአድማጩ ጆሮ የዜማውን መልክ የሚይዘው ከእርሱ ነው።

የመሪው ሥራ ግን ከፍ ያለ ኖታ በመንፋት አያበቃም። አንድ ኖታ ምን ያህል እንዲረዝም፣ የት ላይ እንዲቆረጥ፣ ድምፁ እንዲንቀጠቀጥ ወይም ቀጥ እንዲል፣ ከምቱ ጋር እኩል እንዲያርፍ ወይም ጥቂት ዘግየት እንዲል የሚወስነው እርሱ ነው። ሌሎቹ ትራምፔቶች እርሱን እየሰሙ ይከተላሉ፤ ትሮምቦኖቹና ሳክስፎኖቹም ባንዱ በሙሉ ሲነሣ ጆሯቸውን ወደ እርሱ ያዘነብላሉ። ድራም መቺውም ቢሆን ከእርሱ ጋር ካልተግባባ ባንዱ ለሁለት ይከፈላል።

በእኛ አገር የጭፈራና የሥራ ዘፈን ውስጥ አውራጅና ተቀባይ መኖራቸው ይታወቃል። አውራጁ ብቻውን ያወርዳል፣ ተቀባዮቹ ተከትለው ይቀበላሉ። መሪ ትራምፔትን ከአውራጅ ጋር ማነጻጸር ለመረዳት ይጠቅማል፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። አውራጁ ቀድሞ ለብቻው ስለሚሰማ ሁሉም ያውቀዋል። መሪ ትራምፔት ግን የሚያወርደውም የሚቀበለውም በአንድ ቅጽበት፣ ከጓደኞቹ ጋር አብሮ በመንፋት ነው። ሥራው በተሳካ ቁጥር የእርሱ ድምፅ ከሌሎቹ ድምፅ ጋር ተዋሕዶ አንድ ይሆናል፤ ስለዚህም ለይቶ የሚሰማው የሠለጠነ ጆሮ ብቻ ነው። ሥራው ባማረ መጠን ሠሪው የሚሰወርበት ሙያ መሆኑ የያንግን ዕጣ አስቀድሞ የሚያስረዳ ነው።

ከዴይተን እስከ ካሊፎርኒያ

ስኑኪ ያንግ በ1919 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በምትገኘው በዴይተን ከተማ ተወለደ። በ1939 ገና በሃያ ዓመቱ በጊዜው ስመ ጥር ወደነበረው ወደ ጂሚ ላንስፎርድ ባንድ ገባና እስከ 1942 ድረስ በመሪነት ወንበር ተጫወተ። የላንስፎርድ ባንድ በሥርዓቱና በአለባበሱ፣ ከሁሉም በላይ በአጨዋወቱ ጥራት የታወቀ ነበር። ያንግ ብቻውን ሲጫወት ከሚሰማባቸው ሸክላዎች አንዱ በ1939 የተቀረጸው «አፕታውን ብሉዝ» ነው።

በ1940ዎቹ ውስጥ በተለያየ ጊዜ ከካውንት ቤዚ ባንድ ጋር ሠራ። በ1947 ግን ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ለአሥር ዓመት ያህል የራሱን ባንድ ሲመራ ቆየ። በ1957 ቤዚ እንደገና ወሰደውና እስከ 1962 ከባንዱ ጋር ኖረ። ከዚያ በኋላ ኒው ዮርክ በሚገኘው ኤንቢሲ በተባለው የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ተቀጠረ። እንዲህ ያሉ የስቱዲዮ ቦታዎች ለጥቁር ሙዚቀኞች ለረጅም ጊዜ ዝግ ሆነው ኖረዋል። ክላርክ ቴሪ በ1960 በሩን ከከፈተ በኋላ ከገቡት ጥቂቶች አንዱ ያንግ ነበር። የታወቀው የማታ ዝግጅት በ1972 ወደ ካሊፎርኒያ ሲዛወር እርሱም አብሮ ሄደ፤ አዘጋጁ ጆኒ ካርሰን በ1992 እስከተሰናበተበት ጊዜ ድረስም በባንዱ ውስጥ ነበር።

በመካከሉ ሌላም ታሪካዊ ሥራ ሠርቷል። ታድ ጆንስና ሜል ሉዊስ የመሠረቱት ኦርኬስትራ የካቲት ወር 1966 በኒው ዮርኩ ቪሌጅ ቫንጋርድ ክበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወት የመሪነቱ ወንበር የተሰጠው ለያንግ ነበር። በ1971 መጨረሻም «ዘ ባንድ» የተባለው የሮክ ቡድን በኒው ዮርክ ባቀረበውና በሸክላ በወጣው ዝግጅት ላይ፣ አለን ቱሳን ያቀናበረውን የትንፋሽ መሣሪያዎች ክፍል ከተጫወቱት አንዱ ሆኗል። በእርጅናው ዘመን በሎስ አንጀለስ በክሌይተን ሃሚልተን የጃዝ ኦርኬስትራ ውስጥ ይጫወት ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የኪነ ጥበባት ድጋፍ ድርጅት ለጃዝ ሊቃውንት የሚሰጠውን የ2009 ከፍተኛ ክብር አገኘ። በግንቦት ወር 2011 በ92 ዓመቱ ዐረፈ።

ሥራው ሲመዘን

ያንግን በደንብ ለመስማት የሚመረጠው ሸክላ የካውንት ቤዚ ባንድ በጥቅምት 1957 የቀረጸው «ዚ አቶሚክ ሚስተር ቤዚ» ነው። በሸክላው ላይ ያሉትን አሥራ አንድ ዜማዎች የደረሰውና ያቀናበረው ኒል ሄፍቲ ነው። በትራምፔቱ ረድፍ ከያንግ ጋር ታድ ጆንስ፣ ጆ ኒውማንና ዌንደል ከሊ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ሸክላ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያወሱት የቤዚን ፒያኖና የኤዲ ሎክጆ ዴቪስን ቴነር ሳክስፎን ነው። ሸክላውን ታላቅ ያሰኘው ግን የባንዱ አንድነት ነው።

«ስፕላንኪ» የተባለውን እንውሰድ። የብሉዝ ዜማ ነው፤ በለሆሳስ ይጀምርና ቀስ በቀስ እየበረታ ሄዶ ወደ መጨረሻው ባንዱ በሙሉ ኃይሉ ይነሣል። በዚህ ቦታ ትራምፔቶቹ ይጮኻሉ፤ ግን ጩኸታቸው የተበተነ አይደለም። እያንዳንዱ ኖታ እንደ አንድ ሰው ቃል ይወጣል፣ እንደ አንድ ሰው ቃልም ይቆረጣል። ጉልበት ያለው ነፊ በየትም ይገኛል፤ ጉልበቱን ለምቱ ያስገዛ ግን ብርቅ ነው። የያንግ ችሎታ እዚህ ላይ ነው። ከፍተኛውን ድምፅ ሲይዝ የመጨናነቅ ምልክት አይሰማበትም፤ ስለዚህ ከሥሩ ያሉት ሦስቱ ሳይፈሩ ይከተሉታል።

በተቃራኒው «ሊል ዳርሊን» እጅግ ዝግ ያለ ዜማ ነው። ብቻውን በትራምፔት የሚጫወተው ዌንደል ከሊ ሲሆን ያንግ ከረድፉ ወጥቶ አይታይም። ላልሠለጠነ ጆሮ ዜማው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ሰው ዝግ ባለ ምት፣ በለስላሳ ድምፅ፣ ከምቱ ጥቂት ዘግየት እያለ ባንድነት መንፋት ከጩኸት ይልቅ ይከብዳል። ሲፈጥን የሚሸፈን ስሕተት ሲዘገይ ይጋለጣልና ነው። በዚህ ዜማ ውስጥ ማንም አይቸኩልም፣ ማንም አይዘገይም። መሪነት በማዘዝ ሳይሆን በመደማመጥ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ይህን ዜማ ይስማ።

ያንግ ብቻውን ሲጫወትም የራሱ ቋንቋ ነበረው። በተለይ የተደፈነ የቧንቧ መውረጃ የሚከፈትበትን የጎማ ጽዋ በትራምፔቱ አፍ ላይ እየከፈተና እየዘጋ ድምፁን እንደ ሰው ንግግር ማሰማትን ያውቅበት ነበር። ብዙ አይናገርም፤ የተናገረው ግን ብሉዝ ነው።

በራሱ ስም ያወጣቸው ሸክላዎች ግን ጥቂት ናቸው፤ «ቦይስ ፍሮም ዴይተን» በ1971፣ «ስኑኪ ኤንድ ማርሻልስ አልበም» በ1978፣ «ሆርን ኦቭ ፕሌንቲ» በ1979። ሁለተኛውን ከእርሱ ጋር የሠራው ማርሻል ሮያል የቤዚን ሳክስፎኖች ለብዙ ዓመታት የመራ ሰው ነው። ሁለት የረድፍ መሪዎች ከረድፋቸው ወጥተው ሲጨዋወቱ መስማት ደስ ያሰኛል። ሆኖም ሚዛናዊ ለመሆን፣ እነዚህ ሸክላዎች ሞቅ ያሉና ንጹሕ ይሁኑ እንጂ የጃዝን መንገድ የለወጡ አይደሉም። ያንግ እንደ አርምስትሮንግ ወይም እንደ ጊሌስፒ ሌሎች የሚከተሉትን አዲስ የአጨዋወት ስልት አልፈጠረም። ታላቅነቱን በእነዚህ ሦስት ሸክላዎች መለካት አናጺን በሠራው ቤት ሳይሆን በሠራው በርጩማ እንደ መለካት ነው።

ዝናው ለምን አነሰ?

አንደኛው ምክንያት የሙያው ጠባይ መሆኑ ከላይ ተገልጿል። ሁለተኛው ምክንያት በጊዜው የነበረው የዘር አድልዎ ነው። ለዚህ በ1941 የወጣው «ብሉዝ ኢን ዘ ናይት» የተባለው ፊልም ጥሩ ምሳሌ ነው። በፊልሙ ውስጥ ትራምፔት የሚነፋ መስሎ የሚታየው ነጩ ተዋናይ ጃክ ካርሰን ነው፤ የሚሰማው ትራምፔት ግን የያንግ ነው። የላንስፎርድ ባንድም በዚያው ፊልም ውስጥ ይታያል። እንግዲህ ተመልካቹ ፊቱን ከአንዱ፣ ትንፋሹን ከሌላው ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ ማለት ነው። ይህ አጋጣሚ ብቻ ሳይሆን የያንግን የሥራ ዘመን በአጭሩ የሚገልጽ ምልክት ነው። በቴሌቪዥኑም ቢሆን ለሠላሳ ዓመት ያህል ሚሊዮኖች ሰምተውታል፤ ስሙን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ነበሩ።

ሦስተኛው ምክንያት የሃያስያን ሚዛን ነው። «መሪ ትራምፔት የተጻፈለትን ያነባል፣ ብቻውን የሚጫወተው ግን ከራሱ ያፈልቃል፤ ስለዚህ ፈጣሪው ይበልጣል» የሚል ክርክር ይቀርባል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው፤ አዲስ ነገር ማፍለቅ በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ኖታ ሁሉን አይጽፍም። የድምፁን ከፍታና ርዝመት ያመለክታል እንጂ ክብደቱን፣ ቀለሙንና አነሣሡን ሙሉ በሙሉ አያመለክትም። ማንኛውም የአማርኛ መምህር ይህን ያውቃል። አንዱን ግጥም ሁለት ተማሪዎች ሲያነቡት፣ ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ በአንደኛው አፍ ይሞታል፣ በሁለተኛው አፍ ነፍስ ይዘራል። ያንግ የሄፍቲንና የታድ ጆንስን ጽሑፍ ነፍስ የዘራ አንባቢ ነው። ከዚህም በላይ፣ እያነበበ ሌሎች ሦስት ሰዎች እንደ እርሱ እንዲያነቡ አድርጓል።

ለመምህራንና ለተማሪዎች

ጉዳዩ የአንድ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ብቻ አይደለም። በአገራችንም የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ያጀቧቸውን ዘፈኖች ስንሰማ ድምፃውያኑን ወዲያው እንለያለን። ከኋላቸው ትራምፔትና ሳክስፎን የነፉትን ሰዎች ስም መጥራት የሚችል ተማሪ ግን ስንት ይገኛል? ለምን እንደዚህ ሆነ ብሎ መጠየቅ የሙዚቃ ብቻ ሳይሆን የታሪክም ትምህርት ነው።

በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል ቀላል ልምምድ አለ። መምህሩ ከላይ የተጠቀሰውን «ሊል ዳርሊን» ወይም በቅርብ የሚገኝ ማንኛውንም የትንፋሽ መሣሪያዎች የሚሰሙበት ዘፈን ሦስት ጊዜ ያሰማ። በመጀመሪያው ተማሪዎች እንዲሁ ይስሙ። በሁለተኛው ከትንፋሽ መሣሪያዎቹ መካከል ከሁሉ ከፍ ያለውን ድምፅ ብቻ በጆሯቸው ይከተሉ። በሦስተኛው ያ ድምፅ ሲቆም ሌሎቹ አብረው ይቆሙ እንደሆነ፣ ሲሳሳም አብረው ይሳሱ እንደሆነ ያስተውሉ። ከዚያም ተማሪዎቹ የሰሙትን በአንድ አንቀጽ ይጻፉ። ይህን ያደረገ ክፍል መሪነት ማለት ብቻ ጎልቶ መታየት እንዳልሆነ ያለ ስብከት ይረዳል።

ስኑኪ ያንግ ከሰባት ዐሥርት ዓመታት ላላነሰ ጊዜ በኋላ ረድፍ ተቀምጧል። የላንስፎርድን፣ የቤዚንና የታድ ጆንስን ባንዶች በየተራ የመራው ከዚያው ረድፍ ነው። ለእርሱ የሚገባው ማስታወሻ የሙገሳ ቃል መደርደር አይደለም፤ ሸክላዎቹን እንደገና አስቀምጦ ከሁሉ ከፍ ያለው ድምፅ የማን እንደሆነ ጠይቆ መስማት ነው።