የድሬዳዋ ፈጢራ

ስለ ቁርስ ክርክር ከተነሳ እኔ ለድሬዳዋ ፈጢራ እቆማለሁ። ሠሪው ሊጡን ዘይት በተቀባ ገበታ ላይ በመዳፉ እየገፋ፣ ማዶው እስኪታይ ያሳሳዋል። እንቁላል ይፈስበትና ጠርዙ ወደ መሃል ይታጠፋል፤ ከዚያ የጋለ ምጣድ ላይ ያርፋል። በሁለቱም በኩል ቡናማ ሲል ተቆራርጦ ይቀርባል፤ ለሚወድ ማር ይፈስበታል። ያለ ማር የሚበሉትን አከብራለሁ እንጂ አልስማማም፤ የእንቁላሉን ጨው የሚያለዝበው፣ የተጠበሰውን ጠርዝ የሚያጣፍጠው ማሩ ነው።

ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ በመጣው የባቡር ሐዲድ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራውና የየመን ነጋዴው ገበያዋ ላይ ተገናኝተዋል፤ ፈጢራም ከቀይ ባሕር ማዶ ዘመዶች አሉት። ሐረርም አሳምራ ትሠራዋለች። አዲስ አበባ ካፌዎች ውስጥም ይገኛል፤ እኔ የቀመስኩት ግን ብዙውን ጊዜ ሊጡ ወፍራም፣ እንቁላሉ ስስ ነው።

ድሬ የሚሄድ ሰው ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ይውጣ። ሊጡ ከፊቱ የሚዘረጋበትን ቤት ይምረጥ፤ ቀድሞ ተጠብሶ የቆየ ፈጢራ እንደ ቆዳ ይለጠጣል። ቅመም ያለው ሻይም አብሮ ይዘዝ።