የቀረውንም በስሙ የሚጠራ ዛፍ

ኤክስፕረስ 4 የተባለው ፓኬጅ (የኮድ ጥቅል) ብቻ የተጫነበት አንድ ትንሽ የኖድ ፕሮጀክት እንውሰድ። ኖድ ሞጁልስ የተባለው ፎልደር ሲከፈት ኤክስፕረስ ያስከተላቸው በርካታ ፓኬጆች በፊደል ተራ ተደርድረው ይታያሉ። ማን ማንን እንዳመጣ ግን አይታወቅም፤ ሠርግ ቤት ገብቶ የሙሽራውንና የሙሽሪትን ወገን መለየት እንደማቃት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፓኬጆቹን የሚጭነው ኤንፒኤም እስከ ሁለተኛው ቨርዥኑ ድረስ ልጅን በወላጁ ፎልደር፣ የልጅ ልጅን በልጁ ፎልደር ያኖር ነበር። ዝምድናው ግልጽ ነው፤ አድራሻው ግን እየረዘመ ዊንዶውስ የለመደውን የ260 ሆሄያት ወሰን ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ሦስተኛው ቨርዥን የቻለውን ሁሉ ወደ ላይ አውጥቶ ጎን ለጎን ደረደረው። መንገዱ አጠረ፤ ዝምድናው ተሰወረ።

የተሰወረውን የሚገልጠው «ኤንፒኤም ኤልኤስ» የተባለው ትእዛዝ ነው። በዛፍ መልክ የሚሥለው የፓኬጁን መኖሪያ ሳይሆን ፓኬጁን የጠራውን ነው። ኤምኤስ የተባለችውን፣ «ሁለት ቀን» ሲሏት 172,800,000 ሚሊሰከንድ ብላ የምትመነዝር ሚጢጢ ፓኬጅ፣ ፈልግ ብንለው ሁለት ያወጣል፦ ዲበግ ከተባለው ፓኬጅ ሥር ቨርዥን 2.0.0፣ ሴንድ ከተባለው ሥር 2.1.3። በፎልደሩ ውስጥ የፊተኛዋ ከወላጇ ጎን እንደ እኩያ ተቀምጣለች፤ የኋለኛዋ ሞክሼዋ ቦታውን ስለያዘችባት በሴንድ ጓዳ ቀርታለች። ሥዕሉ ሁለቱንም ከየወላጃቸው ሥር ይመልሳቸዋል።

የሥዕሉ መሣሪያ ጥቂት መስመሮች ናቸው። ቁም መስመሩ ወደ ቀኝ ክንድ ዘርግቶ ወደ ታች ከቀጠለ ታናሽ አለ፤ ታጥፎ ካበቃ የመጨረሻው ልጅ ነው። ከክንዱ ወደ ታች ቅርንጫፍ ከወጣ ያ ፓኬጅ ልጆች አሉት። ከመጨረሻው ልጅ በታች የሚቀረው ባዶ ቦታም ይነበባል፤ ዐይን የቤተሰቡን ማብቂያ ከዚያ ያውቃል።

ዲበግን ኤክስፕረስም፣ ቦዲ ፓርሰርም፣ ሴንድም ይፈልጉታል። ሙሉው ዛፍ ሲወጣ ልጁ የሚጻፍለት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ከስሙ ጎን «ዲዱፕድ» የምትል ቃል ትቀመጣለች። ሐረግ የሚቆጥር ሽማግሌ የጋራ አያት ላይ ሲደርስ «እሳቸውን ጠርቻለሁ» ብሎ እንደሚያልፈው ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን የጎደለውን አያያዙን ነው። አንድ ፓኬጅ ተፈልጎ ካልተጫነ ስሙ ከነጉድለቱ በተገቢው ቅርንጫፍ ላይ ይጻፋል። ፎልደር የያዘውን ብቻ ያሳያል። ዛፉ ግን ለቀረውም ቦታውን ጠብቆ፣ ማን እየጠበቀው እንደሆነ ይናገራል።