ሁለቱ ችሎቶች፤ ስለ ጣይብ ሳሊሕ ልብ ወለድ የቀረበ ሂስ

ሱዳናዊው ደራሲ ጣይብ ሳሊሕ (1929–2009) «ወደ ሰሜን የፍልሰት ወቅት» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን በ1966 በዐረብኛ ሲያሳትሙ አገራቸው ነጻነቷን ካገኘች ገና ዐሥር ዓመቷ ነበር። መጽሐፉን ዴኒስ ጆንሰን-ዴቪስ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ1969 ታትሟል፤ እኛም ያነበብነው ይህንኑ ትርጉም ስለ ሆነ፥ ስለ ዐረብኛው የቋንቋ ውበት ለመናገር አንደፍርም። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዓላማችን አንድ ነገር ለማሳየት ነው፤ ይኸውም መጽሐፉ ዘወትር የሁለት ባህሎች ግጭት ታሪክ ነው እየተባለ ቢነገርለትም፥ ዋና ጥያቄው ግን የፍትሕ ጥያቄ መሆኑን ነው።

መጽሐፉን ላላነበቡት ታሪኩን ባጭሩ እናስረዳ። ስሙ ያልተገለጸው ተራኪ ሰባት ዓመት በውጭ አገር ቆይቶ፥ ስለ አንድ እምብዛም ስለማይታወቅ እንግሊዛዊ ባለቅኔ አጥንቶ የዶክተርነት ማዕርግ ካገኘ በኋላ፥ በሰሜን ሱዳን ዓባይ ታጥፎ በሚያልፍበት አገር ወዳለችው መንደሩ ይመለሳል። በዚያም ሙስጠፋ ሰዒድ የሚባል እንግዳ ሰው ያገኛል። ሙስጠፋ የተወለደው በ1898፥ ማለት በኪችነር የተመራው ጦር በኦምዱርማን ላይ ድል አድርጎ ሱዳንን በያዘበት ዓመት ነው። በካርቱም፥ በካይሮና በእንግሊዝ አገር ተምሮ በለንደን የኢኮኖሚክስ መምህር ሆነ፤ በመጨረሻም እንግሊዛዊት ሚስቱን ገደለ፤ ሌሎች ሴቶችም በእሱ ምክንያት ራሳቸውን አጥፍተዋል። እስራቱን ከጨረሰ በኋላ በዚያች መንደር መሬት ገዝቶ፥ ሁስና የምትባለውን የመንደሩን ልጅ አግብቶ፥ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዶ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ወንዙ በሞላ ጊዜ ጠፋ፤ ሰጥሞ ነው ተባለ። ልጆቹን ግን ለተራኪው በአደራ ትቶለታል።

በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ችሎቶች አሉ ብንል ስሕተት አይሆንም። የመጀመሪያው በለንደን የተሰየመው ነው። በዚያ ችሎት ጠበቃው ሙስጠፋን ከሞት ለማዳን ሲል ነገሩን ከአንድ ሰው ወንጀል ወደ ሁለት ዓለሞች ግጭት ያዞረዋል፤ ሴቶቹን የገደላቸው ይህ ሰው ሳይሆን ከሺህ ዓመት በፊት የጀመረ በሽታ ነው ብሎ ይከራከራል። ክርክሩም ተሳክቶ ተከሳሹ በሰባት ዓመት እስራት ይወጣል። ነገር ግን ልብ ልንል የሚገባን፥ ሙስጠፋ ራሱ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ይህን ሲሰማ ሐሰት ነው ብሎ ለመጮኽ ይመኝ እንደ ነበር ደራሲው የነገሩን መሆኑን ነው።

ብዙ ሐያስያን ግን የጠበቃውን መንገድ ተከትለዋል። ለምሳሌ ኤድዋርድ ሰዒድ በ1993 «ባህልና ኢምፔሪያሊዝም» በተባለው መጽሐፋቸው፥ ይህ ልብ ወለድ የጆሴፍ ኮንራድን «የጨለማ ልብ» እንደሚገለብጥ፥ ያ ነጩን ሰው ወደ አፍሪካ ሲያስጕዝ ይህኛው ደግሞ አፍሪካዊውን ወደ ሰሜን እንደሚያስጕዝ አሳይተዋል። ይህ አስተያየት እውነትና ጠቃሚ ነው። የቅኝ ግዛትን ግፍ የሚክድ ሰው መጽሐፉን አላነበበም ማለት ይቻላል። ነገር ግን አንባቢ በዚህ ብቻ ቢያቆም የታሪኩን እኩሌታ ያጣል፤ ሁለተኛው ችሎት ገና አልተሰየመምና።

ሁለተኛው ችሎት በመንደሩ ውስጥ ያለ ዳኛና ያለ ጠበቃ የተሰየመው ነው። ሙስጠፋ ከጠፋ በኋላ፥ ዕድሜው ሰባ የደረሰ ወድ ረይስ የተባለ ባለብዙ ሚስት ሰው ሁስናን ለማግባት ይፈልጋል። እርሷ እንቢ ትላለች፤ ብታስገድዱኝ እሱንም ራሴንም እገድላለሁ ብላ በግልጽ ትናገራለች። ከዚያም አልፋ፥ ከልጆቿ ጋር በሰላም ትኖር ዘንድ ተራኪው ለስሙ ያህል እንኳ እንዲያገባት በአባቱ በኩል ትለምናለች። አባቷና ወንድሞቿ ግን በግድ ይድሯታል። እርሷም ያለችውን ፈጸመች። መንደሩ በሙሉ የፈረደው በሟቿ ላይ ነው፤ ነገሩም እንደ ነውር ታፍኖ ቀረ። ያለ ሐዘን የቀረችው የወድ ረይስ የመጀመሪያ ሚስት ብቻ ናት፤ እርሷም የገዛ ባሏ ሞት እፎይታ ሆነላት።

ታዲያ በዚህ ጊዜ የተማረው ሰው የት ነበር? ካርቱም ነበር፤ በትምህርት ሚኒስቴር ያገለግል ነበር። በዋና ከተማው የአፍሪካ የትምህርት ሚኒስትሮች በታላቅ አዳራሽ ተሰብስበው፥ የከበረ ልብስ ለብሰው፥ በጣታቸው ውድ ቀለበት አድርገው፥ ስለ ሕዝብና ስለ እኩልነት ሲናገሩ ተመልክቶ በልቡ ተጸይፏቸዋል። ተራኪው የሚኒስትሮቹን ግብዝነት ለማየት ዐይን ነበረው፤ ለአንዲት ሴት አንድ ቃል ለመናገር ግን አንደበት አልነበረውም። ሁስናን ይወዳት እንደ ነበር እንኳ ዘግይቶ ነው ያወቀው። ጲላጦስ እጁን በውኃ የታጠበው ሕግ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ተራኪውም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ የባህል ግጭት የሚለው ምክንያት አይረዳንም፤ ገዳዩም ሟቿም ዝም ያለውም ያንዲት መንደር ልጆች ናቸውና።

አንዳንድ ሰው፥ ይህን ያደረገው የመንደሩ ልማድ ነው፥ ልማድን ደግሞ መረዳት እንጂ መፍረድ አይገባም ይል ይሆናል። በርግጥ የተራኪው ጓደኛ መሕጁብ ይህንኑ ይላል፤ ሴት በወንድ እጅ ናት፥ ያገራችንም ኑሮ ይኸው ነው ብሎ ያስረዳዋል። እኛ ግን ልማድን መረዳትና ለልማድ ጥብቅና መቆም የተለያዩ ናቸው እንላለን። ሁስናም እንደ መሕጁብ የመንደሩ ልጅ ናት። የባህሉን ድምፅ ስንሰማ የመሕጁብን ብቻ ሰምተን የእርሷን ከተውን፥ መርማሪዎች ሳንሆን ወገንተኞች ሆነናል።

ይህን ያህል ካመሰገንን ጉድለቱንም መናገር ይገባናል። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጡረተኛ ሹም የሙስጠፋ እናት ከደቡብ የመጣች ባሪያ ነበረች ይባላል ብሎ ይናገራል። ቃሉ በአንድ መስመር አልፎ ይቀራል። ከርእሱ ጀምሮ ስለ ሰሜን የሚናገረው መጽሐፍ፥ የገዛ አገሩን ደቡብ በሐሜት ብቻ ያነሣዋል። መጽሐፉ በታተመ ጊዜ ግን በደቡብ ሱዳን በ1955 የተጀመረው ጦርነት አልበረደም ነበር። ያ ጦርነት በ1972 በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት ቆመ፤ በ1983 እንደገና ተነሣ፤ እስከ 2005 ቆይቶ በ2011 ደቡቡ ነጻ መንግሥት ሆነ። በሚያዝያ 2023 ደግሞ በካርቱም ራሷ የሱዳን ወታደሮች እርስ በርሳቸው ተዋጉ። ይህ ሁሉ ከለንደን የመጣ ነው ብሎ መደምደም የጠበቃውን ክርክር መድገም ይሆናል፤ ለንደን እጇ የለበትም ማለትም ደግሞ ሐሰት ነው። ከዚህም በቀር ሁስና ራሷ በመጽሐፉ ውስጥ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ አሟሟቷን እንኳ የምንሰማው ከሌሎች አፍ ነው። ደራሲው የመንደሩን ዝምታ እየከሰሱ ዝም አሰኝተዋታል።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ያ ወንዝ ጎጃምን ዞሮ የሚሄደው ወንዝ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በዚያው ዘመን፥ በ1958 ዓ.ም.፥ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ፥ አባቷ በዘርና በማዕርግ መዝነው ሊድሯት የሚሹትን የሰብለ ወንጌልን ታሪክ ጽፈዋል። ሁለቱ ደራስያን ሳይመካከሩ በአንድ ወንዝ ዳርና ዳር ያንኑ ጥያቄ አነሡ። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት በባዕድ ቋንቋ ተምረን በየበዓሉ ወደ ትውልድ መንደራችን የምንመለስ፥ ያየነውን ለጓደኞቻችን እያወጋን የምንስቅ ተማሪዎች ነን። ጎረቤታችን የሆነች ልጅ ያለ ፈቃዷ ስትዳር ነገሩን «የአገር ልማድ» ብለን በደብተራችን የጻፍን አለን።

በመጽሐፉ ፍጻሜ ተራኪው ከወንዙ መካከል ገብቶ፥ ወደ ሰሜኑም ወደ ደቡቡም ዳር መድረስ አቅቶት ሊሰጥም ሲል መኖርን ይመርጣል፤ የሚወዳቸው ጥቂት ሰዎችና ሊፈጽመው የሚገባው ግዴታ አለና ርዳታ ለመለመን ይጮኻል። በመጽሐፉ ሁሉ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የጮኸው ያን ጊዜ፥ ለራሱ ሕይወት ነው። ቀድሞ ለሁስና ጮኾ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ በሆነ ነበር።