«ሳንሱር ያልነካው ቤተ መጻሕፍት» ሲመዘን

በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ የሚሰነዘረው ሂስ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ማባከኑን በማውገዝ ተጀምሮ በዚያው ያበቃል። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት መጋቢት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በማይንክራፍት ጨዋታ ውስጥ የከፈተው ቤተ መጻሕፍት ግን ይህን ፍርድ እንደገና የሚያስመረምር ሥራ ነው። ጋዜጣና ድረ ገጽ ሲታገድ ጨዋታው ክፍት መቅረቱን መሠረት በማድረግ፣ በእገዳ ወይም በግድያ ዝም እንዲሉ የተደረጉ የግብጽ፣ የሜክሲኮ፣ የሩሲያ፣ የሳዑዲ ዓረቢያና የቬትናም ጋዜጠኞች ጽሑፎች በጨዋታው መጻሕፍት ላይ ሰፍረዋል። መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢስታንቡል የሳዑዲ ቆንስላ ውስጥ የተገደለው የጀማል ኻሾግጂ ጽሑፍም ከእነዚሁ መካከል ይገኛል።

የዘዴው ብልኅነት አይካድም። ይሁን እንጂ ከ12 ሚሊዮን በላይ በሆኑ የጨዋታ ጡቦች የታነጸው ባለ ዐምድ ሕንፃ ዓይንን የሚስበው ወደ ራሱ ነው። በአንጻሩ የጨዋታው መጽሐፍ በአንድ ገጽ ከ14 መስመር በላይ ስለማይዝ ረዘም ያለ ሐተታ ተቆራርጦ ይነበባል። ጽሑፎቹም የቀረቡት በእንግሊዝኛና በመጀመሪያ በተጻፉበት ቋንቋ ነው። ከዚህም የተነሣ አዳራሹን አድንቆ አንድም ገጽ ሳይገልጥ የሚወጣ ተማሪ ቢኖር አያስደንቅም።

ስለዚህ ሥራውን ለማስተማሪያነት የሚመርጥ መምህር አንዱን ጽሑፍ ተማሪው በሚገባው ቋንቋ መልሶ አስቀድሞ በወረቀት ሊያስነብብ፣ «ይህ ቃል ማንን አስፈራ? ስለ ምን?» ብሎ ሊያወያይ፣ ሕንፃውንም ከዚያ በኋላ ሊያስጎበኝ ይገባል። ቤተ መጻሕፍቱ የተዘጋውን በር ከፍቷል፤ የሚገባውን አንባቢ ማዘጋጀት ግን የትምህርት ቤት ድርሻ ነው።