«ማለት ነው» ምን ማለት ነው?

በቃለ ምልልስም ሆነ በዕለት ተዕለት ንግግር ውስጥ እየተደጋገሙ ጆሮን የሚያሰለቹ ቃላትና ሐረጎች አሉ። «ማለት ነው»፣ «እንትን»፣ «ያው»፣ «ምናምን»፣ «ከዚህ አኳያ»፣ «ያለበት ሁኔታ ነው ያለው» የሚሉት በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ። ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁሉ በአንድነት ሰብስበው «የቋንቋ ብልሽት» ይሏቸዋል። እኛ ግን ፍርዱ የችኮላ ነው እንላለን። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ የራሳቸው ሥራ ያላቸው፣ አንዳንዶቹ ከሥራቸው የተፈናቀሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ነገርን የሚሸፍኑ ናቸውና። ሦስቱን ለይቶ የማያውቅ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ወይም ተርጓሚ የሚጣለውን ይዞ የሚያዘውን ይጥላል።

አንድ ቃል ከጥንት ፍቺው መራቁ በራሱ ጥፋት አይደለም። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የካዛንቺስን ስም ለአብነት እንውሰድ። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ያሠራ የነበረው ተቋም የስሙ አኅጽሮት ነው። በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ለተሠሩት ቤቶች የተሰጠው ይህ መጠሪያ በሕዝቡ አፍ ተሸራርፎና ተጣብቆ አንድ ቃል ሆነ። የመጀመሪያ ፍቺውን የሚያውቅ ጥቂት ቢሆንም ስሙ ሥራውን አላጓደለም፤ የታክሲ ረዳት ሲጠራው ተሳፋሪው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። እንግዲህ መመዘኛው ቃሉ ዛሬ ለሰሚው የሚሰጠው ነገር መኖር አለመኖሩ ነው።

«እንትን» ይህን መመዘኛ ያልፋል። ተናጋሪው ቃል ሲጠፋበት የጠፋውን ቃል ቦታ ይይዝለታል፤ እንደ ማንኛውም ስም ይረባል፤ «እንትኑን አምጪልኝ»፣ «እንትኗ ጠፋባት» ይባላል። ለሰው ሲሆን «እንትና» ይሆናል። ነውር የሚባለውን ነገር በስሙ ሳይጠሩ ለማውሳትም ያገለግላል። ተርጓሚ በምስክር ቃል ውስጥ «እንትኑን ሰጠሁት» የሚል አጋጥሞት «ዕቃውን ሰጠሁት» ብሎ ቢያቃናው፣ ምስክሩ ያልሰየመውን እርሱ ሰየመለት ማለት ነው።

በዚህ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ማለት ነው» የገባው በቦታው ነው፤ አንዱን ነገር በሌላ ፈትቷልና። ሐረጉ ለእኛ ሙያ ባዕድ አይደለም። በአንድምታ ትርጓሜም ሆነ በመዝገበ ቃላት ዝግጅት የፍቺ መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። በቃለ ምልልስ ግን «ትናንት መጣን ማለት ነው፤ ከዚያ ተሰበሰብን ማለት ነው» ሲባል የሚፈታ ነገር የለም። አማርኛ ግሡን በመጨረሻ የሚያደርግ ቋንቋ በመሆኑ ዓረፍተ ነገሩ «መጣን» ሲባል ተዘግቷል፤ «ማለት ነው» በተዘጋ በር ላይ የተደረበ መቀርቀሪያ ነው። እርግጥ ነው፣ ለተናጋሪው ማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ለሰሚውም «ነገሬን ገና አልጨረስሁም» የሚል ምልክት ያሳየዋል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ሐኪም ለታማሚዋ «ደም ማነስ አለብሽ፤ ብረት ያለበት ምግብ ያስፈልግሻል ማለት ነው» ሲላት፣ ሐረጉ የሁለቱን ነገሮች ተያያዥነት ይናገራል ወይስ አፍ ያመጣው ነው? መሣሪያው ያለ ቦታው ሲውል በቦታውም አይታመንም።

ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ዓይነት ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ነዋሪዎች ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ሰው መስማት የሚፈልገው ማን፣ መቼና የት የሚለውን ነው። የምንተቸውን አነጋገር ለማሳየት ራሳችን ያዘጋጀነውን ምሳሌ እናቅርብ፦ «ለተነሺዎች ቤት የመስጠት ሥራ እየተሠራ ያለበት ሁኔታ ነው ያለው።»

በአማርኛ ባለቤቱ በግሡ ውስጥ ይነገራል። «ሰጠናቸው» የሚለው አንድ ቃል ሰጪውንም፣ ተቀባዮቹንም፣ የድርጊቱን መፈጸምም ይዟል። ስለሆነም በአድራጊ ግሥ እየተናገሩ አድራጊውን መሰወር አይቻልም፤ መሰወር የሚፈልግ ከግሡ መሸሽ አለበት። በምሳሌያችን «መስጠት» ወደ ስምነት ተለወጠ፤ «ሥራ» ተጨመረለት፤ ሥራውም «እየተሠራ» በሚለው ተደራጊ ግሥ ሠሪ አልባ ሆነ፤ በመጨረሻም ሁሉም በ«ሁኔታ» ተጠቀለለ። ከዚህም በላይ «ነው» ከፊት፣ «የ» ያለበት ግሥ ከኋላ የሚመጣበት አሠራር በወጉ አንዱን ነገር ከሌላው ለይቶ ለማጉላት ያገለግላል፤ «አልማዝ ናት የመጣችው» ስንል ሌላ ሰው አለመምጣቱን እንናገራለን። እዚህ ግን ጎልቶ የወጣው ቤቱም፣ ተነሺውም፣ ሰጪውም ሳይሆን «ሁኔታ» ነው። ተነሺዋ እናት ከዚህ ንግግር ቁልፍ መቼ እንደምትረከብ አታውቅም። «በዚህ ወር ቤት እንሰጣቸዋለን» ቢባል ግን ቀኑን ቆጥራ ትጠይቃለች።

ተናጋሪው ሁልጊዜ ነገር ለመደበቅ ያስባል አንልም። ማይክሮፎን ፊት የቆመ ሰው የረዘመ ነገር ሁሉ የከበረ ይመስለዋል፤ ሐረጉም ከቢሮ ወጥቶ ዛሬ ኳስ ተጫዋችም ባለሱቅም ይናገረዋል። ልማድ ይሁን ዘዴ ለሰሚው የሚደርሰው አንድ ነው።

ስለዚህ ሦስት ስያሜዎችን ለውይይት እናቀርባለን። «እንትን»ና መሰሎቹ ቦታ ያዥ ይባሉ። «ማለት ነው»፣ «ያው»፣ «በቃ» ያለ ፍቺያቸው ሲገቡ፣ ከታክሲ መናኸሪያው ቃል ተውሰን፣ ተራ አስከባሪ እንበላቸው። «ያለበት ሁኔታ ነው ያለው»ና ዘመዶቹ ሸፋኝ ሐረግ ይባሉ። ተርጓሚ ቦታ ያዡን እንዳለ ያስተላልፍ። ተራ አስከባሪውን ጭብጥ ብቻ በሚፈለግበት ሥራ ሊተወው ይችላል፤ በምስክር ቃል ግን አይንካው። ሸፋኙን ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመልስ «እኛ» የሚል ባለቤት ከራሱ አይጨምር፤ ያልተገባውን ቃል ኪዳን እንደ ተገባ ያስመስላልና። ጠያቂው ጋዜጠኛም «ማን ነው የሚሰጠው? መቼ?» ብሎ ግሡን ያስመልስ።

ከከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.)ና ከደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) እስከ 1993 ዓ.ም. አማርኛ መዝገበ ቃላት ድረስ የተደከመበት ሥራ የቃላትን ፍቺ አከማችቶልናል። ቀጣዩ መዝገብ ከፍቺው ጎን እነዚህ ሐረጎች በንግግር ውስጥ የሚሠሩትን፣ መሥራት ያቆሙትንም፣ ሊመዘግብ ይገባዋል።