«የባሰ አለ» የሚለው ምክር ሲመረመር

አሜሪካዊቱ የሥነ ልቡና ሊቅ ማርሻ ሊነሃን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. ያሳተሙት የልምምድ መጽሐፍ፣ ቦርደርላይን በሚባለው የስብእና መታወክ የሚሠቃዩ ሰዎች የሚናወጥ ስሜታቸውን እንዴት ሊገዙ እንደሚችሉ ያስተምራል። የመጽሐፉን ጥቅም አንክድም። የምንነቅፈው አንዱን ምክር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጭንቀት ሲበረታ ሕመምተኛው ራሱን ዕድላቸው ከእርሱ ከከፋ ሰዎች ጋር ያነጻጽር የሚለው ነው። እኛም «የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ» እያልን የኖርን ስለ ሆነ ምክሩ እንግዳ አይሆንብንም።

ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እንዳስረዱት፣ ሰው ሌላ መለኪያ ባጣ ጊዜ ራሱን በሰው ይመዝናል። የዚህ ሕመም አንዱ ምልክት ደግሞ ሰው ስለ ራሱ ያለው ግምት አለመጽናቱ ነው። እንግዲህ ዛሬ ከእርሱ ባነሰው የተጽናና፣ ነገ ከእርሱ የበለጠውን ሲያይ መውደቁ አይቀርም።

ከዚህም በላይ ራሳቸው ሊነሃን፣ በተፈጥሮው ስሜቱ ቶሎ የሚነካ ልጅ፣ የሚሰማውን በሚያቃልሉበት ሰዎች መካከል ሲያድግ ለዚህ ሕመም እንደሚጋለጥ ጽፈዋል። ታዲያ «ከአንተ የባሰ አለ» ማለት ያንኑ ማቃለል መድገም አይሆንምን?

ምክሩ ለጊዜው ሐሳብን ከጭንቀት ሊያርቅ እንደሚችል እንቀበላለን። ነገር ግን በ2015 የወጣው ሁለተኛው እትም፣ ሰው አሁን የሚሰማውን ሌላ ስሜት ከነበረው ጊዜ ጋር እንዲያስተያይ መጨመሩን እናስበልጣለን። በገዛ ትናንቱ የሚመዘን ሰው፣ ሚዛኑ ከእጁ አይወጣም።